«እኔ ምን አለኝና?»

ባለፈው ወር መታወቂያዬን በካርድ ላሳትም ሰፈራችን ካለ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጎራ አልኩ። ልጅቷ ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል «በቴሌግራም ላኪልኝ» አለችኝ። ቁጥሩ ግድግዳው ላይ በትልቁ ተለጥፏል። ላክሁላት። የኔን ለማግኘት ወደ ላይ ወደ ታች ስትል እኔም ከጀርባዋ ቆሜ አብሬ አየሁ። ፓስፖርት። የጋብቻ ሰርተፍኬት። የሦስት ወር የባንክ ስቴትመንት። የቤት ሽያጭ ውል፣ ከነፊርማው። የአንድ ሰው የላብራቶሪ ውጤት፣ ከነአያቱ ስም። ሁሉም እዚያው ተደርድሯል፤ የትናንቱም፣ የአምናውም። «ካተምሽ በኋላ አጥፊልኝ» ያላት ሰው ያለ አይመስልም። እኔም አላልኳትም። ሂሳቤን ከፍዬ፣ ካርዴን ቦርሳዬ ከትቼ ወጣሁ።

የገረመኝ መንገድ ላይ ስደርስ ነው። ያ የላብራቶሪ ውጤት ባለቤት ወረቀቱን ለጎረቤቱ ያሳያል? ሞቶ ነው የሚያሳየው። ለዚህች ለማያውቃት ልጅ ግን ሳያመነታ ልኮታል። ከዚያም ረስቶታል።

ታዲያ ይሄ ሰው ለገመናው ግድ አለው ወይስ የለውም?

ጥያቄው የኛ ብቻ አይደለም። ሰው ኦንላይን ላይ ስላለው የግል ጉዳዩ መጨነቅ ትቷል የሚል ወሬ ዓመታት ያስቆጠረ ነው። እኛም አንዲት የተለመደች መልስ አለችን፦ «እኔ ምን አለኝና ምን ይወስዱብኛል?» ይቺን መልስ ትንሽ ገለጥ ገለጥ እናድርጋት።

ገመና ፊት አለው

ሕጉ «የግል ሕይወት»፣ «የግል ዳታ» ይላል፤ ፈረንጁ ፕራይቬሲ ይለዋል። ቤት ውስጥ ግን ቃሉ ገመና ነው። ገመና ደግሞ ሁልጊዜ ከሆነ ሰው የሚሸሸግ ነገር ነው። ከአማት፣ ከጎረቤት፣ ከአለቃ፣ ከቀድሞ ፍቅረኛ። የምንሸሽገውን ሰው መልኩን እናውቀዋለን። ቢሰማ ምን እንደሚል፣ የት ሄዶ እንደሚያወራው ሳይቀር እናውቃለን።

አክስቴን ልውሰድ። የልጅ ልጇ ሲወለድ፣ ክርስትና ሳይነሳ ማንም ፎቶ እንዳያነሳው ብላ አዋጅ አወጀች። «ዓይን አለ» ነው ምክንያቷ። አንዱ የአጎቴ ልጅ ስቶሪ ላይ ለጥፎት እስኪያጠፋው ድረስ በስልክ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣችው። ለገመናዋ እንዲህ የምትቆም ሴት ናት። የዚያኑ ሰሞን «አማርኛ መጻፍ እምቢ አለኝ» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። የአማርኛ ኪቦርድ ጫንኩላት። ላበራው ስል ያቺ ማስጠንቀቂያ ብቅ አለች። አንድሮይድ ላይ ኪቦርድ የጫነ ሁሉ ያውቃታል፦ ይህ ኪቦርድ ፓስወርድና የባንክ ካርድ ቁጥር ጨምሮ የምትጽፉትን ሁሉ ሊሰበስብ ይችላል ትላለች። አነበብኩላት።

«እሺ በይው» አለችኝ። ዓይኗ ድስቱ ላይ ነበር።

በነገራችን ላይ ማስጠንቀቂያዋ ኪቦርዱን ሌባ ማለቷ አይደለም። ስልኩ ከውጭ ለሚመጣ ኪቦርድ ሁሉ ይህንኑ ነው የሚለው። የምትነኩትን ሳያይ ፊደሉን የሚያወጣ ኪቦርድ የለምና። የገረመኝ ሌላ ነው። አራስ ልጅ ለሚያይ ዓይን አዋጅ፤ የጻፈችውን ሁሉ ሊያይ ለሚችል ዓይን «እሺ»። አክስቴ ግብዝ ሆና አይደለም። የመጀመሪያው ዓይን የጎረቤቷ ነው። የሁለተኛውን ባለቤት አታውቀውም፤ ልቅሶ ቤት አያገኛትም፣ ሐሜት አያወራባትም።

አብዛኞቻችን እንደዚሁ ነን። ፌስቡክ ላይ ከሩቅ ዘመድ የምንደብቀውን ነገር ፌስቡክን ለሚያንቀሳቅሰው ኩባንያ በየቀኑ እንሰጠዋለን። ወጣቱ «ግድ የለውም» ይባላል እንጂ ሁለት አካውንት የሚከፍተው፣ አንዱን ለቤተሰብ አንዱን ለጓደኛ የሚያደርገው እሱ ነው። እናቱ እንዳታይበት ስቶሪውን የሚደብቀውም እሱ ነው። ይሄ ግድ ማጣት አይመስለኝም። ግዱ ያለው ሰው ላይ ነው፤ ኩባንያው ላይ አይደለም።

«ገመና ሞቷል» ያሉን እነማን ነበሩ?

እ.ኤ.አ. በ1999 ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ አለቃ የነበረው ስኮት ማክኒሊ ለጋዜጠኞች፣ ፕራይቬሲ የሚባል ነገር ቀድሞውኑም የላችሁም፣ እርማችሁን አውጡ የሚል ይዘት ያለው ነገር ተናገረ። በ2010 መጀመሪያ ደግሞ የፌስቡኩ ማርክ ዙከርበርግ፣ ሰው ስለራሱ ብዙ ነገር ለብዙ ሰው ማጋራት ለምዷል፣ ልማዱ ራሱ ተቀይሯል አለ። ልብ በሉ፤ ፌስቡክ የሚኖረው በማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያው የሚኖረው ሰው ስለራሱ በሚያወጣው ነገር ነው። በግ ነጋዴ «ዘንድሮ ዶሮ የሚያርድ የለም» ቢላችሁ አትደነግጡም አይደል?

ሰዉ ራሱ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ሌላ ነው። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል በ2023 ባወጣው ዳሰሳ፣ ከአሜሪካውያን አዋቂዎች 81 በመቶው ኩባንያዎች በመረጃቸው የሚያደርጉት ነገር እንደሚያሳስባቸው ተናግረዋል። እዚያው ዳሰሳ ላይ 56 በመቶው ብዙውን ጊዜ ውሉን ሳያነቡ «እስማማለሁ» እንደሚሉ አምነዋል። ሰውየው ይጨነቃል፤ ግን ቁልፉን ይጫናል። ተመራማሪዎች ይሄንን የፕራይቬሲ ፓራዶክስ ብለውታል። ከዚያ ሁለት ጎራ ተፈጠረ። አንደኛው ወገን፣ ሰው አፉ ሌላ እጁ ሌላ ነው፣ እውነቱ ያለው እጁ ላይ ነው ይላል። ሌላው ወገን ቆይ፣ እጁን ማን ያዘው ብሎ ይጠይቃል።

እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ። ምክንያቴም ይሄው። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ሁለት ተመራማሪዎች፣ አሊሺያ ማክዶናልድና ሎሪ ክሬነር፣ በ2008 አንድ ቀላል ሂሳብ ሠሩ። አንድ አሜሪካዊ በዓመት የሚጎበኛቸውን ድረ ገጾች የግል መረጃ ፖሊሲ አንድ በአንድ ቢያነብ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅበታል? መልሱ ከ200 ሰዓት በላይ ሆነ። በቀን ስምንት ሰዓት ብትሠሩ 25 የሥራ ቀን ነው። ያውም ስማርት ስልክ ገና ብቅ ባለበት ዘመን፣ ያውም በራስ ቋንቋ። ለኛ የሚቀርበው ውል አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው፤ እሱም የጠበቃ እንግሊዝኛ።

እሺ፣ አነበባችሁት እንበል። አንብባችሁ ምን ታደርጋላችሁ? «ሦስተኛውና ሰባተኛው አንቀጽ ይውጣልኝ» የሚባልበት ቦታ የለም። ወይ ትስማማላችሁ ወይ ትወጣላችሁ። የልጃችሁ ትምህርት ቤት የቤት ሥራ የሚልከው በቴሌግራም ነው። እድሩ ሰው መሞቱን የሚናገረው በግሩፕ ነው። አረብ አገር ያለችው እህታችሁ የምትገኘው በኢሞ ነው። አልስማማም ማለት ከልቅሶ መቅረት ነው።

በቀላል አማርኛ ቢጠየቅስ?

እንግዲህ ሰውን ሳያደክሙ፣ ከምንም ሳያስቀሩ ቢጠይቁት ምን ይላል? ይሄ በግምት የሚቀር አይደለም። አንዴ በትልቁ ተሞክሯል።

አይፎን ውስጥ ማስታወቂያ እንዳይከታተላችሁ የማድረግ ምርጫ ድሮም ነበር። ግን ሴቲንግ ውስጥ ከአንዱ ገብቶ ወደ ሌላው አልፎ የሚገኝ ነገር ነበር። ካልነካችሁት ክትትሉ ይቀጥላል። በአፕሪል 2021 አፕል ነገሩን ገለበጠው። አንድ አፕ ከራሱ ውጪ፣ በሌሎች ኩባንያዎች አፖችና ድረ ገጾች ላይ ጭምር ሊከታተላችሁ ከፈለገ ፊት ለፊት መጠየቅ አለበት። አጭር ጥያቄ፣ ሁለት ቁልፍ፦ ፍቀድ ወይም አትከታተል በለው። አትከታተለኝ ብትሉ አፑ መሥራቱን አያቆምም።

አብዛኛው ሰው አትከታተለኝ አለ።

ምን ያህል ከባድ «አይሆንም» እንደነበር ለማወቅ የፌስቡክን እናት ኩባንያ፣ የሜታን ደብተር ማየት ይበቃል። በፌብሩዋሪ 2022 የኩባንያው የፋይናንስ ኃላፊ የአፕል ለውጥ በዚያ ዓመት 10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገቢ ሊያሳጣን ይችላል ብሎ ለባለ አክሲዮኖች ተናገረ። ሰዉ ያው ሰው ነው። ስለ ፕራይቬሲ አዲስ ትምህርት አልተሰጠውም። ጥያቄው ብቻ ከጓዳ ወጥቶ ሳሎን መጣ። (አፕልም ለጽድቅ ብቻ ያደረገው አይመስለኝም፤ የራሱ የማስታወቂያ ሥራ አለው። ግን ይሄ ሌላ ወሬ ነው።)

በ2021 ጃንዋሪ ላይ ደግሞ ዋትስአፕ አዲስ ውል ይዞ መጣ፤ እስከ ፌብሩዋሪ 8 ካልተስማማችሁ አካውንታችሁን መጠቀም አትችሉም የሚል። ወሬው እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ሰዉ ሲግናል ወደሚባለው የመልእክት አፕና ወደ ቴሌግራም ጎረፈ። የቴሌግራሙ ፓቬል ዱሮቭ በሦስት ቀን 25 ሚሊዮን አዲስ ሰው ገባልን አለ። ዋትስአፕ ደንግጦ ቀነ ገደቡን ወደ ሜይ 15 ገፋው። የሚያስቀው፣ ሰዉ የፈራውና ውሉ የሚለው አንድ አልነበሩም። ዋትስአፕ የሰውን መልእክት ሊያነብ ነው ተብሎ ነበር የተሸሸው። መልእክቱ ግን እንደተቆለፈ ቀጥሏል። ሽሽቱም ብዙ አልቆየ። አክስት፣ እድር፣ የቢሮ ግሩፕ እዚያው ዋትስአፕ ላይ ስለነበሩ ብዙው ሰው ተመለሰ። ሲግናሉን ሳያጠፋ፣ ሳይጠቀምበትም።

ፖስታው ታሽጓል፣ ላዩ ግን ይነበባል

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ ግልጽ መሆን አለበት፤ «ምን አለኝና» የምትለዋ መልስ የምትሳሳተው እዚህ ነው። እኛ ገመና ስንል የምናስበው የተጻፈውን ነው። ፎቶውን፣ ወሬውን። ኩባንያዎች የሚነግዱት ግን በአብዛኛው በእሱ አይደለም።

የድሮ ደብዳቤ አስቡ። ፖስታው ታሽጓል፤ ማንም አልከፈተውም። ላዩ ላይ ግን ላኪ፣ ተቀባይ፣ የፖስታ ቤት ማኅተምና ቀን አለ። ለአንድ ዓመት የአንድን ሰው ፖስታዎች ሳይከፍት ላያቸውን ብቻ የጻፈ ሰው ስለዚያ ሰው ምን ያውቃል? ማን ጋር እንደተጣላ፣ መቼ እንደታረቀ፣ ከየት ብድር እንደጠየቀ። ስልክም ይኸው ነው። አንዲት ሴት ጠዋት ወደ ላብራቶሪ፣ ከሰዓት ወደ ማኅፀን ሐኪም፣ ማታ ለእናቷ አንድ ሰዓት ሙሉ ደወለች። ምን እንደተባለ አልሰማንም። መስማት ያስፈልገናል?

በዚህ ላይ ስልኩ የት እንዳደረ፣ የት እንደዋለ ይጨመራል። ሰውን ከስሙ ይልቅ ውሎው ያጋልጠዋል። ማታ ማታ አንድ ቤት የሚያድር፣ ቀን ቀን አንድ ቢሮ የሚውል ስልክ በዓለም ላይ አንድ ባለቤት ነው ያለው። «ስሙን አጥፍተነዋል» ቢሏችሁ ብዙም አትጽናኑ። በ2006 ኤኦኤል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለተመራማሪዎች ይጠቅማል ብሎ የ650 ሺህ ሰዎችን የፍለጋ ታሪክ ይፋ አደረገ፤ ወደ 20 ሚሊዮን ፍለጋ ገደማ። ስም የለበትም፤ እያንዳንዱ ሰው ቁጥር ብቻ ነው። በቀናት ውስጥ የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጠኞች ከቁጥሮቹ አንዱን ይዘው የሰፈር ስም፣ የቤተሰብ መጠሪያና የሕመም ጥያቄዎቹን አገናኝተው ጆርጂያ ውስጥ የአንዲት ባልቴት በር አንኳኩ። ሴትየዋ የፈለገችው ነገር የሚያሳፍር አልነበረም። ስለ ውሻዋ ጸባይ፣ ስለሚደነዝዙ ጣቶች ነው። «እኔ ምን አለኝና» ልትል የምትችል ሴት ነበረች።

ስልኬ ይሰማኛል ወይ የሚለውስ? ስለ ሶፋ አውርተን ማታ የሶፋ ማስታወቂያ የመጣበት ሰው በየቤቱ አለ። በ2018 የኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ17 ሺህ በላይ የአንድሮይድ አፖችን ፈትሸው በድብቅ ማይክ ከፍቶ ድምፅ የሚልክ አላገኙም። ያገኙት ሌላ ነው፤ አንዳንድ አፖች ስክሪኑን እየቀዱ ለሌላ ኩባንያ ይልኩ ነበር። እውነቱን ለመናገር ማይኩ አያስፈልግም። ስለ ሶፋው ያወራችኋት ጓደኛችሁ ቀድማ ፈልጋዋለች። ሁለታችሁም አንድ ካፌ ነበራችሁ፣ አንድ ዋይፋይ ላይ። አንድ ሳምንት በፊት «ኪራይ ቤት» ብላችሁ ፈልጋችኋል። አዲስ ቤት የገባ ሰው ሶፋ ይገዛል። ለኔ ይሄኛው ከማይኩ የበለጠ ያስፈራል፤ ዝም ብንልም ይሰማናል ማለት ነውና።

ያ ዓይን ፊት ያወጣ ቀን

«ምን አለኝና» ውስጥ አንዲት የተደበቀች «እኔ» አለች። ችግሩ የምንሰጠው የራሳችንን ብቻ አለመሆኑ ነው።

የእንግሊዙን የፖለቲካ አማካሪ ኩባንያ የካምብሪጅ አናሊቲካን ነገር ብዙ ሰው ሰምቷል። በ2018 ዓለምን ያስጮኸው ጉዳይ የጀመረው ፌስቡክ ላይ ከተለቀቀች የጸባይ መጠይቅ ነው። መጠይቁን የጫኑት 300 ሺህ የማይሞሉ ሰዎች ነበሩ። ፌስቡክ ራሱ በኋላ እንዳመነው መረጃቸው የተወሰደው ግን እስከ 87 ሚሊዮን ሰዎች ናቸው። ልዩነቱ ከየት መጣ? ከጓደኞች ዝርዝር። አንዱ «እሺ» ሲል ጓደኞቹ ሁሉ «እሺ» እንዳሉ ተቆጠረ።

የኛ ኮንታክት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ከፍታችሁ እዩት። «ሰናይት ፀጉር ቤት»። «ኃይሌ ቧንቧ»። «ዶክተር ስኳር»። «አከራይ አዲሱ»። «እንዳታነሺው 2»። የስም ዝርዝር አይደለም፣ የሕይወት ታሪክ ነው። የማይታወቅ ቁጥር ሲደወል የደዋዩን ስም የሚያወጡ አፖች አሉ። ከእነሱ ውስጥ አንዳንዶቹ ያንን ስም ያገኙት ከተጠቃሚዎቻቸው ኮንታክት ነው። አንዳንዱማ ሌሎች ሰዎች እናንተን በምን ስም ሰይቭ እንዳደረጓችሁ ይነግራችኋል። ይሄንን ያየ ሰው ለሁለት ቀን ፊቱ አይፈታም።

ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ነገሩ እስከ ጥግ ሄዷል። በስልክ አፍታ ብድር የሚሰጡ አፖች ሲጫኑ ኮንታክት ለማየት ፈቃድ ይጠይቁ ነበር። ገንዘብ የቸገረው ሰው ምን ያነባል? ፍቀድ። ብድሩ ሲዘገይ አበዳሪዎቹ ለተበዳሪው አይደለም የሚደውሉት። ለእናቱ፣ ለአለቃው፣ ለቤተ ክርስቲያን ጓደኛው ነው። አቤቱታው በዝቶ የአገሪቱ የዳታ ጥበቃ ኮሚሽነር ቢሮ በ2023 እንዲህ ያለ አበዳሪ ላይ የገንዘብ ቅጣት ጣለ።

የአክስቴ ነገር እዚህ ጋ ይመለሳል። «ፍቀድ» ስትባል ከወዲያ በኩል የሚያይ ሰው ስላልታያት ነው እሺ ያለችው። ኬንያዊው ተበዳሪም እንደዚያው። ፊት የሌለው ዓይን ግን እንዳለ አይቀርም። አንድ ቀን ተሽጦ፣ ተሰርቆ ወይ ተለዋውጦ ከምናውቀው ሰው እጅ ይገባል። ያኔ ገመና ይሆናል። ያኔ ደግሞ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የሚመልሰው የለም።

ጆሮ ጠቢ በየት በኩል?

የኛ አገር ሰው ስለ መሰለል ምንም አያውቅም ማለት አይቻልም። ጆሮ ጠቢ የሚለውን ቃል ከየት አመጣነው? «በስልክ አይሆንም፣ ስንገናኝ» ማለት የለመድነው ኢንተርኔት ሳይመጣ ነው። ስለዚህ መንግሥት ይሰማኛል ብሎ የሚጠነቀቅ ሰው ብዙ ነው። ፍርሃቱም ከመሬት የተነሳ አይደለም። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው የምርምር ተቋም ሲቲዝን ላብ በፌብሩዋሪ 2014 የኢሳት ጋዜጠኞች ከአንድ የጣልያን ኩባንያ በተገዛ የስለላ ሶፍትዌር ዒላማ መደረጋቸውን ይፋ አድርጓል። በዲሴምበር 2017 ደግሞ ውጭ አገር ላሉ ተቃዋሚዎችና ጋዜጠኞች በኢሜይል ሊንክ ይላክ እንደነበር ዘግቧል። ቪዲዮ ለማየት ፍላሽ ፕሌየራችሁን አፕዴት አድርጉ ይላል፤ አፕዴቱ ራሱ ስለላው ነው። ያ የጣልያን ኩባንያ፣ ሃኪንግ ቲም፣ በ2015 ራሱ ተሰርቆ 400 ጊጋባይት የውስጥ መረጃው ኢንተርኔት ላይ ተበተነ። ሳቅ አይሉት ለቅሶ።

ጥንቃቄያችን ግን ጎደሎ ነው። በስልክ ፖለቲካ የማያወራ ሰው ቴሌግራም ላይ ይዘረግፈዋል፤ «እሱ ሚስጥር ነው» ብሎ። የቴሌግራም ተራ ቻት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቆለፈ አይደለም። መንገድ ላይ ይቆለፋል፤ ቁልፉ ግን ኩባንያው ጋም አለ። አዲስ ስልክ ስትገዙ የአምስት ዓመት ወሬያችሁ ያለ ምንም ድካም ተመልሶ የሚመጣው ሰርቨራቸው ላይ ስለተቀመጠ ነው። በሁለት ሰው መካከል ብቻ የሚቀረው ሆን ብላችሁ የምትከፍቱት ሚስጥራዊ ቻት ነው፤ ግሩፕ ላይ እሱ የለም። ዱሮቭ በኦገስት 2024 ፈረንሳይ ውስጥ ከተያዘ በኋላ ደግሞ ቴሌግራም ውሉን ቀይሮ፣ ሕጋዊ ትዕዛዝ ከመጣ የሕግ ጣሾችን ስልክ ቁጥርና አይፒ አድራሻ (ስልኩ ኢንተርኔት ላይ የሚለይበትን ቁጥር) እሰጣለሁ ብሏል። ዋትስአፕ ከ2016 ጀምሮ ሰዎች እርስ በርስ የሚላላኩትን መልእክት ከጫፍ እስከ ጫፍ ይቆልፋል፤ የፖስታውን ላይ ግን ያያል። ስለዚህ «የትኛው ይሻላል?» ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው፣ ከማን ነው የምትደብቀው ብዬ ነው። ከሚስትህ ከሆነ አንዳቸውም አያድኑህም።

ሕግስ? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ የግል ሕይወትን፣ ደብዳቤና የስልክ ግንኙነትን ሳይቀር ይጠብቃል። በኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ራሱን የቻለ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ወጣ፤ ቁጥር 1321/2016። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙዩኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ በመሠረቱ የሚለው ቀላል ነው። የሰው መረጃ የሚሰበስብ ለምን እንደሚሰበስብ ይናገር። ለአንድ ነገር የወሰደውን ለሌላ አያውል። ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ አያስቀምጥ። ባለቤቱ ምን እንዳለበት የማየት፣ የተሳሳተውን የማስተካከል መብት አለው። የጤና መረጃን የመሰለው ደግሞ ጠበቅ ያለ ጥበቃ ይደረግለታል።

«ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ አያስቀምጥ» የምትለዋን ሳነብ ያቺ ፎቶ ኮፒ ቤት ትዝ አለችኝ።

እኔ ራሴ ከዚያ ወዲህ የቀየርኩት ብዙ አይደለም። አንድ እሑድ ቁጭ ብዬ የስልኬን ፈቃዶች አየሁ። ካልኩሌተሬ ኮንታክቴን ምን እንደሚያደርግለት አላውቅም፤ ከለከልኩት፤ መደመሩን አላቆመም። ቴሌግራም ላይ ስልክ ቁጥሬን ማን ማየት እንደሚችል ወደ «ማንም» ቀየርኩ። የአክስቴንም ስልክ ተቀብዬ አንድ አንድ ነገር ዘጋሁላት። ለምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ «ዓይን አለ» አልኳት። ሌላ ማብራሪያ አልፈለገችም።

ባለፈው ሐሙስ ደግሞ የምታተም ሌላ ወረቀት ነበረችኝ። በዚህኛው አልሸወድም ብዬ በፍላሽ ይዤ ሄድኩ። ለልጅቷ ሰጠኋት። ፍላሹን አገላብጣ አየችውና መለሰችልኝ።

«ይሄ ቫይረስ ያመጣብኛል እህቴ» አለች። «በቴሌግራም ላኪልኝ።»